ቁልፉን ያስረከበ ሰው ፍርድ ቤት ምን ሊሠራ ይሄዳል?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል እንደ ሕግ የሚጠቀስ፣ በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ ግን የማይገኝ አንድ አባባል አለ፤ «ቤቱን ከለቀቅህ ክሱ በራሱ ይወድቃል»። ክርስትና ላይ ይነገራል። ዳለስ ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ የታክሲ ሹፌሮች ይቀባበሉታል። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ማኪያቶ ይዘው የሚመካከሩ ሰዎችም እንዲሁ። የሚናገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሳቢ ነው፤ የተጨነቀ ወዳጁን ማረጋጋት ፈልጎ ነው። ምክሩም ደስ ይላል። ከሥራ ኦፍ መጠየቅ የለበት፣ በእንግሊዝኛ መከራከር የለበት፣ ዳኛ ፊት መቆም የለበት። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ እውነት አይደለም።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። በቤት ማስለቀቅ ክስ ከሚጠሩት ተከራዮች ሁሉ ይበልጥ ቀጠሮው ላይ መገኘት የሚገባው ቤቱን አስቀድሞ የለቀቀው ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ተከራይ ባይቀርብ ምን እንደሚያጣ ያውቀዋል፤ ሸሪፍ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። የለቀቀው ግን የሚያጣው ነገር ስለማይታየው እንደሌለ ይቆጥረዋል። የሚያናድደው ደግሞ ጥሩ መከራከሪያ በእጁ ይዞ ቤቱ መቀመጡ ነው።

አባባሉ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አይከብድም። አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ሰው «ቤት ልቀቅ» ሲባል ነገሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። አከራይዋ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ይላሉ፤ ተከራዩ ደላላ ይዞ ይንከራተታል፤ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ይወጣል፤ ቁልፉን ያስረክባል፤ አበቃ። የመብራትና የውሃ ሒሳብ ከቀረ እዚያው በር ላይ ይተሳሰባሉ። ቅሬታ ቢኖር ሽማግሌ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ቢያዝም፣ የብዙዎቻችን ልማድ የተቀረጸው ከዚያ በፊት ነው። በዚያ ኑሮ የጠቡ መነሻም መድረሻም ቤቱ ነበር። ቤቱ ከተመለሰ የሚያጣላ ነገር የለም።

እዚህ ግን ጠቡ ሁለት ነው። ቨርጂኒያን እንውሰድ፤ ብዙዎቻችን ያለነው እዚያ ነው። ለተከራዩ የሚላከው መጥሪያ በእንግሊዝኛው «አንሎውፉል ዲቴይነር» ይባላል። ወረቀቱን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ሁለት ጥያቄ ይዟል። አንዱ ቤቱ ይመለስልኝ የሚል ነው። ሌላው ገንዘብ ነው፤ ውዝፍ ኪራይ፣ የመዘግየት መቀጮ፣ ጉዳት፣ ወለድ፣ የፍርድ ቤት ወጪ፣ የጠበቃ ክፍያ፤ እነዚህን ባዶ ቦታዎች የሚሞላው ደግሞ ከሳሹ ነው። ተከራዩ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ። ሁለተኛው ከነቁጥሩ እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ያየኋቸው ሌሎች ስቴቶችም ከዚህ የተለየ ነገር አይሉም። ካሊፎርኒያ ቤቱ ችሎቱ ከመድረሱ በፊት ከተለቀቀ ጉዳዩ እንደ ተራ የፍትሐ ብሔር ክስ እንዲቀጥል በሕግ ደንግጋለች። የዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ቤቱ አከራካሪነቱ ካበቃ ዳኛው መዝገቡን ወደ ተራ የገንዘብ ክርክር ሊለውጠው እንደሚችል የወሰነው በ1985 ነው። «በራሱ ይወድቃል» የሚል አላየሁም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። ከሳሹ በመጀመሪያው ቀጠሮ ቤቱ እንዲመለስለት ብቻ አስፈርዶ፣ የገንዘቡ ነገር እስከ 120 ቀን ድረስ እንዲቀጠርለት መጠየቅ ይችላል፤ ተከራዩ ከወጣ በኋላ የመጨረሻውን ኪራይና ጉዳት አስልቶ እንዲመጣ ማለት ነው። ቀጠሮው ሊደርስ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው ለተከራዩ ማስታወቂያ በፖስታ ይልካል። ወዴት? በመጨረሻ ወደሚታወቀው አድራሻው። አዲስ አድራሻውን ያልሰጠ ሰው በመጨረሻ የሚታወቀው አድራሻው ያው የለቀቀው አፓርትመንት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው አሁን ሌላ ሰው የሚኖርበት ቤት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ያ ሰው ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይጥለዋል፤ ፍርድ ቤቱ ግን በሕጉ መሠረት ተልኳል ብሎ ይቀጥላል። ይህ አሠራር ፍትሐዊ ነው አልልም። የማውቀው ግን፣ የተጻፈው ቤቱን ለለቀቀ ሰው ተብሎ መሆኑን ነው። «ለቅቄያለሁ» ሲባል ክሱ ያልቃል ብሎ የሚያምን ሰው፣ ሕጉ ከለቀቀ በኋላ ለሚመጣው ነገር 120 ቀን መመደቡን እንዴት እንደሚያስረዳኝ አላውቅም።

በቁጥር እንየው። ኪራዩ 1,900 ዶላር፣ ዲፖዚቱም 1,900 ዶላር፣ ሊዙ ማርች 31 የሚያበቃ አንድ ተከራይ አለ እንበል። እንደማያድስ በጊዜው በጽሑፍ አሳውቋል። ሥራ ቀንሶበት የማርችን ኪራይ ሳይከፍል ቀረ። ማኔጅመንቱ በወሩ አጋማሽ ክስ ከፈተ። ተከራዩ ማርች 30 ዕቃውን አወጣና ቁልፉን ሊዚንግ ኦፊስ አስረከበ። ቀጠሮው ኤፕሪል 18 ነበር፤ አልሄደም። ከሳሹ የማርችንም የኤፕሪልንም ኪራይ ጠየቀ። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቤቱ እንደተለቀቀ አልገባ ይሆናል። በቨርጂኒያ ሕግ የመዘግየት መቀጮ ከወር ኪራዩ 10 በመቶ መብለጥ ስለማይችል፣ የሁለት ወሩ 380 ዶላር ነው። ድምሩ 4,180፤ የጠበቃውና የፍርድ ቤቱ ሳይጨመር። የተከሳሹ ስም ተጠራ፣ መልስ ጠፋ፣ ተፈረደ። ዲፖዚቱስ? «ለምንጣፍና ለጽዳት» ተብሎ ቀረ።

ያው ሰው ቀርቦ ቢሆን ቁልፍ ያስረከበበትን ወረቀት ያሳያል፤ የኤፕሪል ኪራይ ከነመቀጮው ይወድቃል። የማርችን 1,900 ዶላርና 190 ዶላር መቀጮ አይክድም፤ ዕዳው ነው። ቀጥሎ ዲፖዚቱን ያነሣል፤ ሒሳቡ እስኪጣራም ቀጠሮ ይጠይቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ አከራይ ዲፖዚቱን በ45 ቀን ውስጥ መመለስ፣ ከቀነሰም ምን ለምን እንደቀነሰ ዘርዝሮ መጻፍ አለበት። ምንጣፉ በዕድሜው ያረጀ እንጂ ተከራዩ ያቃጠለው ካልሆነ፣ ዲፖዚቱ ከዕዳው ይታሰባል። የሚቀረው 190 ዶላር ነው። ሊዙ ገና ሳያልቅ የወጣ ሰው እንኳ ባዶ እጁን አይደለም፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም አከራዩ ቤቱን መልሶ ለማከራየት በቅንነት እንዲጥር ያስገድዳሉ። ቤቱ ሌላ ሰው ከገባበት በኋላ ያለውን ወር ከሁለት ሰው ማስከፈል አይቻልም። ነገር ግን ቤቱ መቼ እንደተከራየ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ችሎት ውስጥ ከሌለ ጥያቄው አይጠየቅም።

የተፈረደው 4,180 ዶላር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በቨርጂኒያ የፍርድ ወለድ በዓመት 6 በመቶ ነው፤ 250 ዶላር ገደማ። ፍርዱ ለ10 ዓመት ሊፈጸም ይችላል። ከሳሹ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተከራዩ ደመወዝ እስከ ሩብ ድረስ በቀጥታ ከአሠሪው እጅ ማስቆረጥ፣ የባንክ ሒሳቡንም ማሳገድ ይችላል። ብዙ ሰው ክሱ «እንዳልወደቀ» የሚያውቀው ፔይ ቼኩ ጎድሎ ሲመጣ ነው።

እስካሁን ያነሣሁት ራሱ ኖሮበት ራሱ ስለለቀቀው ሰው ነው። የእኛ ማኅበረሰብ ግን ለሰው ከማዘኑ የመጣ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ የመጣ ሰው ክሬዲት የለውም፣ የሚያሳየው ፔይ ስታብ የለውም፤ ሊዝ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ቀደም ብሎ የመጣ አንድ ወንድም በስሙ ይፈርማል። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ሰው ፊርማ ሦስትና አራት ሰው ኑሮውን የጀመረበት አፓርትመንት ማግኘት አይቸግርም፤ ከእኛ መካከልም እንዲህ ያለ ቤት ያላስጠጋው ሰው ጥቂት ነው። ፈራሚው ከጊዜ በኋላ ያገባል ወይም ቤት ይገዛል፤ ይወጣል። ቤቱን ለሩም ሜቶቹ ይተዋል፤ እነሱ በተራቸው ለሌላ ይተዋሉ። ሊዙ ይታደሳል፣ ወይም ማንም ሳይፈርም ወር በወር ይቀጥላል፤ የመጀመሪያው ስም ግን ከላይ እንደተጻፈ ነው። አንድ ቀን አንዱ ሥራ ያጣል፣ ሌላው ሚኒያፖሊስ ይሄዳል፣ ኪራዩ ይቆማል። ክሱ የሚመጣው ውድብሪጅ ቤት ገዝቶ፣ ሁለት ልጅ አሳድጎ፣ ያንን አፓርትመንት እርግፍ አድርጎ በረሳው ሰው ስም ነው።

ይህ ሰው «እኔ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ምን አገባኝ?» ሲል ሁላችንም እናዝንለታለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። አባባሉ በጣም የሚጎዳው እርሱን ነው። ሊዝ ላይ የፈረሙ ሰዎች ለዕዳው በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ናቸው፤ አከራዩ ሙሉውን ከአንዱ ላይ መጠየቅ ይችላል፣ የሚጠይቀውም ደመወዝና ቤት ያለውን ነው። ሚኒያፖሊስ የሄደውን ማን ይፈልገዋል? ነገር ግን ይኸው ሰው በእጁ ብዙ ነገር አለ። ሲወጣ ማኔጅመንቱ በጽሑፍ አሰናብቶት ይሆናል። እርሱ ያልፈረመበት አዲስ ሊዝ ከቀሩት ጋር ተፈርሞ ይሆናል። አከራዩ ኪራዩን ለዓመታት ከሌሎች በራሳቸው ስም ሲቀበል ኖሮ ይሆናል። መጥሪያውም የተለጠፈው እርሱ በማይኖርበት በር ላይ ነው። ቨርጂኒያ መጥሪያ በር ላይ እንዲለጠፍ የምትፈቅደው ተከሳሹ ዘወትር በሚኖርበት ቤት በር ላይ ነው። ይህ ከባድ መከራከሪያ ስለሆነ ችሎቱ ላይ ከሁሉም በፊት መነሣት አለበት፤ ከመሄድ በፊትም ጠበቃ ቢጠየቅበት ይመረጣል። እነዚህን ሁሉ ዳኛው በራሳቸው ሊያውቋቸው አይችሉም። በፊታቸው ያለው ከሳሹ የሞላው ወረቀትና የተከሳሹ ባዶ ወንበር ነው።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተከራካሪ ይነሣና «መጥሪያው በትክክል ካልደረሰኝ ፍርዱ ዋጋ የለውም፤ ታዲያ ለምን እደክማለሁ?» ይላል። በመርህ ደረጃ ልክ ነው፤ በሕጉ መሠረት መጥሪያ ሳይደርስ የተሰጠ ፍርድ ሊሻር ይችላል። የሚሻረው ግን ራሱ አቤቱታ ጽፎ፣ በዚያን ቀን የት ይኖር እንደነበር በሊዝ፣ በመብራት ቢል፣ በመንጃ ፈቃድ አስረድቶ ሲያበቃ ነው። ያንን የሚያደርገው ደግሞ ደመወዙ መቆረጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ ክርክር ትቶ የሰባት ወር ክርክር መምረጥ ብልጠት አይመስለኝም።

«ኦፍ ብወስድ የቀን ገቢዬን አጣለሁ» የሚለውን ሰው አልንቅም። ኡበር ለሚነዳና ሆቴል ለሚሠራ ሰው አንድ ቀን አንድ ቀን ነው፤ አለቃውም ላይፈቅድ ይችላል። መልሴ ከላይ ያለው ሒሳብ ነው። በተጨማሪ ቨርጂኒያ ለመጀመሪያው ቀጠሮ የጽሑፍ መልስ አትጠይቅም፤ በአካል መገኘትና «እከራከራለሁ» ማለት ይበቃል። ሲያትል ያለ ወገን ግን ይህን ከእኛ አይቅዳ። እዚያ መጥሪያው ላይ በተጻፈው ቀን የጽሑፍ መልስ ያላስገባ ሰው የችሎት ቀን ሳይደርስ ሊፈረድበት ይችላል። በአንጻሩ ዋሽንግተን ስቴት አቅም ለሌለው ተከራይ በማስለቀቅ ክስ ጠበቃ በመመደብ በ2021 የመጀመሪያዋ ስቴት ሆናለች፤ የጽሑፍ መልሱን ሊጽፍለት የሚችል ሰው አለ ማለት ነው።

ከሁሉም መከራከሪያ የምፈራው የሜሪላንዱን ነው፤ ስለማይመቸኝ ልዝለለው አልልም። ሜሪላንድ ውስጥ በኪራይ አለመክፈል ክስ መጥሪያው በር ላይ ተለጥፎ በፖስታ ብቻ ከተላከ፣ ለተከራዩ በእጁ ካልተሰጠው፣ ዳኛው ቤቱን ያስመልሳሉ እንጂ የገንዘብ ፍርድ አይሰጡም። ተከራዩ ራሱ ከቀረበ ግን የገንዘቡም ነገር ሊነሣበት ይችላል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው «መሄድ ራስን ማጋለጥ ነው» ቢለኝ ከንቱ ንግግር ነው አልለውም። ሁለት ነገር ግን እነግረዋለሁ። ባለመሄዱ ዕዳው አልተሰረዘም፤ አከራዩ ለገንዘቡ ለብቻው ሌላ ክስ መክፈት ይችላል። ቤቱን የማስመለስ ፍርዱም በስሙ ተመዝግቧል፤ ቤቱን ከፍርዱ በፊት የለቀቀ ሰው ግን ይህ ፍርድ እንዳይመዘገብበት መጠየቅ ይችል ነበር። መሄድ አለመሄዱን ከጠበቃ ጋር ተመካክሮ ከወሰነ ውሳኔ ነው፤ «ከለቀቅህ ይወድቃል» ብሎ መቅረት ግን ውሳኔ አይባልም። ሜሪላንድ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተከራይ በማስለቀቅ ጉዳይ ነጻ ጠበቃ እንዲያገኝ ሕግ ስላወጣች፣ የሚያማክረው ሰው አያጣም።

የወረቀት ችግር ያለበት ሰው ፍርሃት ሌላ ነው። ማስለቀቅ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ ወንጀል አይደለም፤ ተከሰሰ ተብሎ ከአገር የሚባረር የለም። ሆኖም በ2025 የኢሚግሬሽን ሰዎች በቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ደጅ ሰው መያዛቸውን የሰማ ሰው ፍርድ ቤት ሂድ ሲባል ቢሸማቀቅ የሚፈረድበት አይደለም። ለእርሱ የሚሆነው መንገድ በጠበቃ መወከል ነው፤ የሰሜን ቨርጂኒያው ሊጋል ሰርቪስስ ዓይነት የነጻ ሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ መደወል ነው። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው ግን የሌላውን ፍርሃት ተውሶ ለራሱ ስንፍና ማድረጉን ይተው።

በጣም የሚያሳስተን ደግሞ ክሬዲት ነው። ሰውየው ካልሄደ ከስድስት ወር በኋላ ክሬዲቱን ስልኩ ላይ ያየዋል፤ ክሱ የለም። «ይኸው፣ ወድቋል» ይላል፤ ለሚቀጥለውም ሰው ይመክራል። ሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት ኩባንያዎች ከ2017 ወዲህ የፍትሐ ብሔር ፍርድን ክሬዲት ሪፖርት ላይ አያወጡም። የሚቀጥለው አከራይ የሚያየው ግን ይህን ብቻ አይደለም። ተከራይ የሚያጣሩ ኩባንያዎች የፍርድ ቤት መዝገቦችን ሰብስበው ይሸጡለታል፤ የፌዴራሉ ሕግም እንዲህ ያለውን መዝገብ ለ7 ዓመት እንዲያወጡ ይፈቅድላቸዋል። አፓርትመንት ለመከራየት 50 ዶላር አፕሊኬሽን ከፍሎ «ዲናይድ» የሚል ኢሜይል የሚደርሰው ሰው ምክንያቱን ከክሬዲቱ ላይ ሲፈልግ ይውላል።

እኛ ላይ ደግሞ ስም ይጨመርበታል። የእኛ «ላስት ኔም» የአባት ወይም የአያት ስም ነው፤ ተስፋዬ፣ ኃይሌ፣ ከበደ የሚባል አባት ስንት አለ? አንዱ ቦታ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ቦታ በሁለት ይጻፋል። የሌላ ሰው ክስ በስማችን መውጣቱ፣ የኛም ክስ መጨረሻው ሳይጻፍ እንደተንጠለጠለ መቅረቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ2023 የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች የትራንስዩንየንን የተከራይ ማጣሪያ ክፍል ትክክለኛነቱ ባልተረጋገጠ የማስለቀቅ መዝገብ ምክንያት 15 ሚሊዮን ዶላር አስከፍለውታል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ «ክሱ ተዘግቷል» የሚል አንድ መስመር በመዝገቡ ላይ መኖሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ቤት ሲፈልግ የከረመ ሰው ያውቀዋል። ያ መስመር የሚገኘው ተከራዩ ቀርቦ ወይም ተስማምቶ ክሱ ሲዘጋለት ነው። ክሱ የተዘጋለት ተከራይ ቨርጂኒያ ውስጥ መዝገቡ ሊሰረዝለት ይችላል፤ ዲሲም የማስለቀቅ ፍርድ ያልተሰጠባቸውን መዝገቦች ቶሎ እንዲታሸጉ አድርጋለች። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ይህን በር ራሱ ዘግቶታል።

ችሎቱ ራሱ የሚወራለትን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ኮሪደሩ ነው። ሰው ተሰብስቦ ስሙ እስኪጠራ ሲጠብቅ፣ የማኔጅመንቱ ጠበቃ ወይም ወኪል ፋይል ታቅፎ ስም እየጠራ ይዞራል። ፈገግ ብሎ «እንስማማ» ይላል፣ ወረቀት ያቀርባል። የእኛ ሰው ዕርቅ ይወዳል፤ ደስ ብሎት ይፈርማል። ያ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ፍርዱን በፈቃዴ ተቀብያለሁ የሚል ነው። ዕዳውን ቀስ በቀስ እከፍላለሁ ማለትና ፍርድ ይሰጥብኝ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክሱ እንዲነሣ የማይል ወረቀት ላይ መፈረም አያስፈልግም፤ ዳኛው ፊት መቅረብ ይሻላል። እዚያ የሚባለው አጭር ነው። «ቤቱን በዚህ ቀን ለቅቄያለሁ፣ ቁልፉን ለዚህ ሰው አስረክቤያለሁ፣ የተጠየቀውን ሒሳብ አልቀበልም።» ሒሳቡ ከተካደ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ለክርክር ሌላ ቀን ይቀጥራሉ፤ ከሳሹም ሒሳቡን በዝርዝር ጽፎ እንዲያመጣ ሊያዙት ይችላሉ። አስተርጓሚ አስቀድሞ ከሬጅስትራሩ ቢሮ ከተጠየቀ በነጻ ይመጣል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ስለ ዲፖዚት እንዲያስተረጉም ማድረግ ልጁንም ክርክሩንም መበደል ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል አከራዩን ጭራቅ አድርጌ መሣል አልፈልግም። ግን ክሱ የቆመበትን ስሌት ማወቅ ያስፈልጋል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ኢቪክሽን ላብ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በማስለቀቅ ምጣኔ ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች አሥሩ ቀዳሚዎች ውስጥ አምስቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ነበሩ፤ የስቴቲቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ሁለተኛ ነበረች። እንዲህ በገፍ ክስ የሚከፈትበት ቦታ መዝገቡ በሙሉ ክርክር ቢነሣበት ችሎቱ ባልቻለ ነበር። የሚቻለው ስሙ ሲጠራ አቤት የሚል ስለሚጠፋ ነው። «ከለቀቅህ አትሂድ» የሚለው ምክራችን ለማን እንደሚያገለግል ከዚህ ማየት ይቻላል።

የሚገርመኝ ይህ ምክር ከእኛ መምጣቱ ነው። በላ ልበልሃ ብሎ በየዛፉ ጥላ ሥር ሲሟገት የኖረ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው በቁራኛ ዳኛ ፍለጋ የሚጓዙበት አገር ሰው፣ እዚህ ሲመጣ መጥሪያውን አይቶ ይሸሻል። ቋንቋው ነው ይባላል፤ እሺ። በሌለበት መፈረድ ምን እንደሆነ ግን አዲስ ነገር አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ ነገሩ በሌለበት እንዲታይ ያዛል፤ የተፈረደበትም ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ይነሣልኝ ብሎ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። አራዳ ምድብ ችሎት ቢጠራ የማይቀር ሰው ፌርፋክስ ሲጠራ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀጠሮው ያለፈበት ሰውም አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፍርዱ ከተሰጠ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ዋስትና ማስያዝን ይጠይቃል፣ ጉዳዩ ግን በበላይ ፍርድ ቤት እንደገና ከሥሩ ይታያል። በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ያው ፍርድ ቤት እንደገና እንዲያየው ማመልከት ይቻላል። መጥሪያው በሕጉ መሠረት ያልደረሰው ሰው ከዚያ በኋላም መንገድ አለው፤ ይረዝማል እንጂ። አጠገባችን «ባለፈው ወር ተፈረደብኝ መሰለኝ» የሚል ሰው ካለ፣ ከማጽናናት በፊት የፍርዱን ቀን መጠየቅ ነው።

ገና ያልለቀቀው ደግሞ ቁልፉን ሲያስረክብ ደረሰኝ ይቀበል፤ እምቢ ቢሉት ከቁልፉ ጋር ፎቶ አንሥቶ በዚያው ሰዓት ኢሜይል ያድርግላቸው። አዲሱን አድራሻውንም በጽሑፍ ይስጥ። ፖስታ ቤት አድራሻ ሲቀየር ደብዳቤ የሚያስተላልፈው ለ12 ወር ነው፤ ክስ ግን ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። «አድራሻዬን ከሰጠኋቸውማ እንዲያገኙኝ ረዳኋቸው» የሚሉ አሉ። የሊዝ ማመልከቻው ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውንና የአሠሪያቸውን ስም በገዛ እጃቸው ጽፈው ሰጥተዋል፤ ደመወዛቸውን ለማስቆረጥ አዲስ አድራሻ የሚፈልግ የለም። የሚያስፈልገው የችሎቱን ቀን ለእነሱ ለመንገር ብቻ ነው።